በኢሙሌተር ያለፈ ቡትሎደር ደጎሎ ላይ ይነሳል?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ሌላም ቀን ተቆርጧል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጡትና ከዚያ ወዲህ በተሠሩ አብዛኞቹ ኮምፒውተሮች ማዘርቦርድ ውስጥ የተቀመጡት የሴኩር ቡት ሰርተፍኬቶች ከፊሎቹ በጁን፣ አንዱ ደግሞ በኦክቶበር 2026 ዘመናቸው ያበቃል። ሁለቱ ዜናዎች ተደባልቀው ሲወሩ አንድ ስጋት ይወልዳሉ፤ ቀኑ ሲደርስ ኮምፒውተሮች በአንድ ጠዋት አንነሳም ይላሉ የሚል ስጋት። ነገሩ እንደሚወራው አይደለም። ሴኩር ቡት ማለት ፈርምዌሩ የታመነ ፊርማ የሌለውን ማስነሻ ፕሮግራም እንዳያስኬድ የሚከለክል አሠራር ነው፤ ፊርማውን ሲያረጋግጥ ግን በተለምዶ የሰርተፍኬቱን ማብቂያ ቀን አይመለከትም። ዛሬ የሚነሳ ኮምፒውተር ቀኑ ስላለፈ ብቻ አይቆምም። የሚቆመው በአሮጌው ሰርተፍኬት አዲስ ፊርማ መስጠት ነው። ከዚያ በኋላ የሚወጡ ማስነሻ ፕሮግራሞች እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው ሰርተፍኬት ይፈረማሉ፤ አዲሱን ሰርተፍኬት ያልተቀበለ ማዘርቦርድ ደግሞ አያውቃቸውም።

እውነተኛው አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። ለዓመታት ማንም ሳይነካው የኖረ የኮምፒውተሩ ክፍል፣ ማለትም ማስነሻ ፕሮግራሙ (ቡትሎደሩ)፣ በአጭር ጊዜ ውስጥ በብዙ ቦታ ሊቀየር ነው። ለዊንዶውስ 11 የማይበቃ አሮጌ ኮምፒውተር ወደ ሊኑክስ ሲዛወር ቡትሎደሩ ይቀየራል። የሚበቃውም አዲሱን ሰርተፍኬት ሲቀበል ፈርምዌሩ ይነካል። በደቡብ ወሎ በደጎሎ፣ በከላላ፣ በአቀስታ ወይም በመካነ ሰላም ያለ የወረዳ ቢሮ ወይም የትምህርት ቤት ላብ ቡትሎደር አይጽፍም፤ የሚነሳው ግን ሌላ ሰው በጻፈውና ሌላ ሰው በሞከረው ቡትሎደር ነው። ያ ሙከራ በምን ላይ እንደተደረገ ማወቅ ስለዚህ የደጎሎም ጉዳይ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የምከራከርበት ነጥብ አንድ ነው። በኢሙሌተር የሚደረግ ሙከራ የፕሮግራሙን አመክንዮ ያረጋግጣል እንጂ ማሽኑን አያረጋግጥም። ማሽኖቹ አሮጌና የተቀላቀሉ በሆኑበት፣ ብልሽት ሲመጣም ባለሙያ ከደሴ መንገድ በሚጀምርበት አካባቢ በኢሙሌተር ብቻ ያለፈን ለውጥ በቀጥታ ማሰራጨት ትክክል አይደለም።

የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች

የኮምፒውተር ማብሪያ ሲጫን መጀመሪያ የሚሠራው ማዘርቦርዱ ላይ ባለች ትንሽ የፍላሽ ቺፕ ውስጥ የተቀመጠው ፈርምዌር ነው። እሱ ራሙንና ዲስኩን ያዘጋጃል፣ ከዚያ ቡትሎደሩን ፈልጎ ያገኛል፣ ሥራውንም ያስረክበዋል። ቡትሎደሩ የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ከርነል ከዲስክ አንስቶ ራም ላይ ያስቀምጥና ዞር ይላል። ሥራው በሰከንዶች የሚያልቅ ስለሆነ ማንም አያስተውለውም። ሲበላሽ ግን ከሌላው ሶፍትዌር ሁሉ የከፋ ነው፤ የተበላሸ የጽሑፍ ፕሮግራም በሌላ ፕሮግራም ይጠገናል፣ ያልተነሳ ኮምፒውተር ግን ራሱን መጠገኛ የለውም። በርቀት ሆኖ መርዳትም አይቻልም፤ ኔትወርኩ ገና አልተነሳምና።

ነገሩን የሚያወሳስበው ይህ የርክክብ ሥርዓት ከአንዱ የፕሮሰሰር ዓይነት ወደ ሌላው መለያየቱ ነው። ባዮስ በሚባለው አሮጌ የፈርምዌር ዓይነት ዘመን የተሠራ የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ ማሽን ከዲስኩ ራስ ላይ 512 ባይት ብቻ ያነብባል፤ ከዚያ ውስጥ ለፕሮግራም የሚተርፈው 446 ባይት ነው። ባዮስን የተካው ዩኢኤፍአይ ያለው ማሽን በተለየ የዲስክ ክፍል ውስጥ ያለ ሙሉ ፋይል ይከፍታል። በብዙ ቴክኖ ስልኮች ውስጥ ያለው የሚዲያቴክ ቺፕ በቺፑ ውስጥ ከተቀረጸ ፕሮግራም ይጀምርና ፕሪሎደር ወደሚባለው ያልፋል። በሞባይል ጥገና ሱቅ ያልሆነ ፕሪሎደር ፍላሽ የተደረገበት ስልክ "ሞተ" የሚባለው ለዚህ ነው። ራስበሪ ፓይ ደግሞ ከሁሉም ይለያል፤ በቀደሙት ሞዴሎቹ መጀመሪያ የሚነሳው ዋናው ፕሮሰሰር ሳይሆን የግራፊክስ ፕሮሰሰሩ ነው። ግረብ እና ዩ-ቡት የሚባሉት ሁለቱ ታዋቂ ቡትሎደሮች እንዲህ ካሉት ልዩነቶች ብዙዎቹን ከአንድ የምንጭ ኮድ ለማገልገል ይሞክራሉ። ዩ-ቡት የተጀመረው ለፓወርፒሲ ቺፖች ነበር፤ ዛሬ አርምን፣ ሚፕስን፣ ሪስክ-ፋይቭን፣ ኢንቴልን እና ሌሎችንም ይደግፋል። አንድ ሰው ለሪስክ-ፋይቭ ብሎ ያሻሻለው መስመር በአሮጌ ባዮስ ማሽን ላይ ምን እንደሚያደርግ በዓይን አይቶ ማወቅ አይቻልም፤ መሞከር ግድ ነው።

ኢሙሌተር የሰጠው አቅም

ኢሙሌተር ሌላ ኮምፒውተርን በሶፍትዌር አስመስሎ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። በዚህ መስክ ዋነኛው ኬሙ ሲሆን ፈረንሳዊው ፋብሪስ ቤላርድ እ.ኤ.አ. በ2003 ለሕዝብ አቅርቦታል። በአንድ ተራ ላፕቶፕ ላይ ሆኖ የአርም፣ የሪስክ-ፋይቭ፣ የፓወርፒሲ፣ ሌላው ቀርቶ የአይቢኤም ሜይንፍሬም ማሽን "መክፈት" ይቻላል። ሜይንፍሬም ገዝቶ ቡትሎደር የሚሞክር ተማሪ የለም ማለት ይቻላል፤ በኬሙ ግን ይቻላል። በመካነ ሰላም ግቢ ያለ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪና በሙኒክ ያለ ባለሙያ በዚህ ረገድ እኩል መሣሪያ አላቸው ቢባል ማጋነን አይደለም፤ አንዴ ከወረደ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ፈቃድ አይጠይቅም፣ ገንዘብም አያስከፍልም።

ኢሙሌተር ከሃርድዌር የሚበልጥበትም ቦታ አለ። የተሞከረው ማሽን ሲቆም በየትኛው መመሪያ ላይ እንደቆመ ያሳያል፤ እውነተኛው ማሽን ግን ጥቁር ስክሪን ብቻ ይሰጣል። የኮዱ እያንዳንዱ ለውጥ በሰዓታት ውስጥ በብዙ አርክቴክቸሮች (የፕሮሰሰር ዓይነቶች) ላይ ሳያሰልስ ሊሞከር ይችላል። ገና ያልተሠራ ሃርድዌርም ይሞከርበታል። ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ኡቡንቱ 25.10 የሪስክ-ፋይቭ እትሙን አርቪኤ23 ለሚባለው አዲስ መስፈርት ሲያወጣ መስፈርቱን የሚያሟላ በገበያ ላይ እንደልብ የሚገኝ ማሽን ስላልነበረ እትሙ በተግባር ለኬሙ ብቻ ነበር። ሶፍትዌሩ ሃርድዌሩን ቆሞ ጠበቀው ማለት ነው። ያለ ኢሙሌተር ይህ አይታሰብም። ስለዚህ ኢሙሌተርን ማጣጣል አላዋቂነት ነው፤ ጥያቄው የት ላይ ያበቃል የሚለው ነው።

የማይታየው ክፍል

ኢሙሌተር ለስላሳ ጓሮ ላይ እንደሚሞከር ማረሻ ነው፤ መገጣጠሚያው መያዙን ያሳያል፣ የደጎሎን መሬት ኮትቻና ድንጋይ ግን አያሳይም። ከማይታዩት ነገሮች አንዱ በጣም ቀላል ነው። ኬሙ ሲጀምር ራሙ በዜሮ የተሞላ ነው፤ እውነተኛ ራም ግን ሲበራ የዘፈቀደ ቁጥር ይይዛል። ቡትሎደሩ አንድ ቦታን ዋጋ ሳይሰጥ ቢያነብበው በኢሙሌተር ሁልጊዜ ዜሮ ያገኝና ያልፋል፤ በእውነተኛው ማሽን አንዳንድ ጠዋት ይነሳል፣ አንዳንድ ጠዋት አይነሳም። ሁለተኛው የካሽ፣ ማለትም የፕሮሰሰሩ ፈጣን ጊዜያዊ ማከማቻ፣ ጉዳይ ነው። አርምን በመሰሉ ፕሮሰሰሮች ላይ ፕሮግራም ወደ ራም ተገልብጦ ከመሮጡ በፊት አሮጌው የካሽ ይዘት መጽዳት አለበት። ኬሙ ካሽን እንደ እውነተኛው ቺፕ አያስመስልም፤ የተረሳች አንዲት የማጽጃ መመሪያ እሱ ዘንድ አትታወቅም። ራሙን ራሱን ማዘጋጀት፣ ማለትም በእያንዳንዱ ቦርድ ላይ የኤሌክትሪክ ምልክቱን ጊዜ ማስተካከል፣ በኢሙሌተር ውስጥ ፈጽሞ የለም። የቀደሙት ራስበሪ ፓይዎች በኬሙ ሲከፈቱ የግራፊክስ ፕሮሰሰሩ የሚሠራው የመጀመሪያው ደረጃ በሙሉ ተዘልሎ ከርነሉ በቀጥታ ይጫናል፤ መሞከር የነበረበት ክፍል ሳይሞከር "አለፈ" ይባላል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የአምራቾች ፈርምዌር ጠባይ ነው። በኢሙሌተር ውስጥ የሚሠራው ዩኢኤፍአይ መስፈርቱን ጠንቅቆ የሚከተል ንጹሕ እትም ነው። በገበያ ላይ ያለው ግን እንደዚያ አይደለም። በኢንቴል ቤይ ትሬል ቺፕ የተሠሩ ብዙ ርካሽ ላፕቶፖችና ታብሌቶች ፕሮሰሰራቸው 64 ቢት ሆኖ ፈርምዌራቸው 32 ቢት ነው፤ ለ64 ቢት የተዘጋጀው የተለመደ ማስነሻ ፋይል ፍላሽ ዲስኩ ላይ እያለ "ምንም የሚነሳ ነገር የለም" ይላሉ። ሌሎች ደግሞ የሚያውቁት የማይክሮሶፍትን ፋይል መንገድ ብቻ ነው፤ ሊኑክስ በትክክል ተጭኖም አያዩትም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 ኡቡንቱ 17.10 ከድረ ገጹ እንዲወገድ የተደረገው በከርነሉ ውስጥ የነበረ አንድ የኢንቴል ሾፌር በተወሰኑ የሌኖቮና ሌሎች ላፕቶፖች ላይ የፈርምዌር ቺፑን ስላበላሸ ነበር። ተጠቃሚዎቹ የባዮስ ለውጥ ማስቀመጥ አቃታቸው፣ አንዳንዶቹም ከፍላሽ ዲስክ መነሳት አልቻሉም። ያንን ስህተት የትኛውም ኢሙሌተር ሊይዘው አይችልም ነበር፤ የሚበላሸው ቺፕ በኢሙሌተር ውስጥ የለምና። የተስተካከለው እትም በጃንዋሪ 2018 ወጣ፤ ያወጣው ደግሞ እውነተኛ ላፕቶፕ ላይ የተደረገ ምርመራ ነው።

በአገራችንም ታሪክ ውስጥ ለዚህ የሚቀርብ ምሳሌ አለ። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የተባለው ፕሮጀክት ኤክስኦ የተሰኙ ጥቂት ሺህ አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፖች ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች አስገብቷል። ኤክስኦ የሚነሳው በኦፕን ፈርምዌር ነበር፤ ሚች ብራድሊ የሚመራው ይህ ሥራ መጀመሪያ በኤኤምዲ ጂኦድ፣ ቀጥሎ በቪያ፣ በኋላም በአርም ቺፕ ላይ እንዲሠራ ተደርጓል። በአርክቴክቸሮች መካከል አንድ ቡትሎደርን የማዛወር ጥበብ ምን ያህል ሊሳካ እንደሚችል ያሳየ ሥራ ነው። የሶፍትዌር ፈጣሪዎቹም ማሽኑ እጃቸው ሳይገባ በኬሙ ላይ የኤክስኦን ሲስተም ይሞክሩ ነበር። ከዚያ ማሽን የታወቁ ብልሽቶች አንዱ ግን ከሰዓት ባትሪው ጋር የተያያዘ ነው። የባትሪው ግንኙነት ሲላላ ማሽኑ ቀኑን ይረሳል፤ የደኅንነት ቁጥጥሩ የሚሠራበት ላፕቶፕ ደግሞ ቀኑ ትክክል አይደለም ብሎ መነሳት ይከለክላል። ኢሙሌተር ሰዓቱን የሚወስደው ካስጠለለው ኮምፒውተር ስለሆነ ቀን የጠፋበት ማሽን ሆኖ አይታይም፤ ሆን ተብሎ ካልተሞከረ በስተቀር። የላላ ባትሪ ደግሞ በተለመደ የሙከራ ዝርዝር ውስጥ የሚገባ ነገር አይደለም።

ኢሙሌተሩ ሳይሆን ሙከራው ሲሳሳት

ጥፋቱን ሁሉ በኢሙሌተር ላይ መከመር ግን ፍትሐዊ አይደለም። በጁላይ 2020 ኤክሊፕሲየም የተባለ ኩባንያ በግረብ ውስጥ ቡትሆል የተሰኘ የደኅንነት ቀዳዳ ማግኘቱ ይፋ ሆነ፤ ዋና ዋናዎቹ የሊኑክስ አዘጋጆች በአንድ ጊዜ ማረሚያ አወጡ። በቀናት ውስጥ አንዳንድ የሬድ ሃትና የሴንትኦኤስ ማሽኖች በማረሚያው ምክንያት መነሳት አቆሙ። በዴቢያንና በኡቡንቱ በኩል ደግሞ በባዮስ የሚነሱ አንዳንድ ማሽኖች "ግረብ_ካሎክ አልተገኘም" የሚል መልእክት አሳይተው ቆሙ። የዚህኛው ምክንያት ትምህርት ሰጪ ነው። ግረብ በባዮስ ማሽን ላይ በሁለት ቦታ ይቀመጣል፤ አንዱ ቁራጭ በዲስኩ ራስ ላይ፣ ሌላው በፋይል መልክ። ማረሚያው ፋይሎቹን አደሰ፤ የዲስኩን ራስ ግን ማሽኑ ሲጫን በተመዘገበው ዲስክ ላይ ብቻ ፈለገ። ዲስኩ ተቀይሮ ከሆነ ወይም ሲስተሙ ከሌላ ዲስክ ተገልብጦ ከሆነ የተመዘገበው ዲስክ የለም፤ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ይቀራል።

አሁን የአገራችንን የኮምፒውተር ላቦች እናስብ። አንድ ማሽን ላይ ሁሉም ነገር ይጫንና ኢሜጁ (የዲስኩ ሙሉ ቅጂ) ወደ 30 ወይም 40 ማሽኖች ይገለበጣል። ጊዜ ቆጣቢ ነው፣ የሚነቀፍም አይደለም። ነገር ግን ቅጂውን የተቀበሉት ማሽኖች ሁሉ የመጀመሪያውን ማሽን ዲስክ ስም ይዘው ይኖራሉ። ይህንን ሁኔታ በኢሙሌተር መሥራት የአምስት ደቂቃ ጉዳይ ነው፤ ምናባዊ ዲስኩን ገልብጦ መለያ ቁጥሩን መቀየር ብቻ። ያልተሞከረው የሙከራው አዘጋጅ ማሽን ሁሉ በአንድ ዲስክ፣ አዲስ ተጭኖ፣ በየሳምንቱ እየታደሰ ይኖራል ብሎ ስላሰበ ነው። ሌላው ግምቱም እንዲሁ ነው። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆይቷል። እንዲህ ያለ ጊዜ ያለፈበት ማሽን ኢንተርኔት ሲመለስለት የወራት ማሻሻያ በአንድ ጀንበር ይወስዳል፤ የፈርምዌር ክልከላ ዝርዝሩን (እንዳይነሱ የታገዱ ቡትሎደሮችን መዝገብ)፣ አዲሱን ቡትሎደርና አዲሱን ከርነል በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚቀበል ማንም አልሞከረለትም። የክልከላው ዝርዝር ከቡትሎደሩ ቀድሞ ከደረሰ አሮጌው ቡትሎደር ይታገዳል፣ አዲሱ ገና አልመጣም። በኦገስት 2024 የማይክሮሶፍት ማሻሻያ ዊንዶውስንና ሊኑክስን አብረው በያዙ ማሽኖች ላይ ያደረገው ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ሁለት ሲስተም ያለውን ማሽን ለይቶ እንዲተወው የታሰበው ማጣሪያ አንዳንዶቹን ሳይለይ ቀርቶ ሊኑክሳቸውን አገደ። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ክፍተት አለ፤ ኢሙሌተር በባሕርይው የማያየውና ቢጠየቅ የሚያየው ሆኖ ማንም ያልጠየቀው። ሁለተኛውን መጠየቅ የሚችለው በእንደነዚህ ያሉ ላቦች የሚሠራ ባለሙያ ነው።

የሚነሱ ክርክሮች

ከሁሉ የሚጠነክረው ተቃውሞ "የሚሠራን ነገር አትንካ" የሚለው ነው። ዋጋ አለው። ከኔትወርክ ጋር የማይገናኝ፣ ለታይፕና ለመሠረታዊ ትምህርት የሚያገለግል የትምህርት ቤት ላብ ቡትሎደሩን መቀየር አያስፈልገውም፤ ባለበት ቢቆይ ይሻላል። ግን ይህ መርሕ ለሁሉም አይሆንም። ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ይፈተናሉ፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ከፊሉ ተማሪ በኮምፒውተር ነው የሚፈተነው። የፈተና ማሽን ከኔትወርክ ይገናኛል፣ የደኅንነት ማረሚያ ይሻል፣ ሌላ ሰው ከፍላሽ ዲስክ በራሱ ሲስተም እንዳያስነሳውም መጠበቅ አለበት። ያልተፈረመውን ሲስተም በመከልከል በዚህ የሚያግዘው ሴኩር ቡት ነው። ዲስክ መሞቱም አይቀርም፤ አዲስ ዲስክ ሲገባ አዲስ ቡትሎደር መግባቱ ግድ ነው። አለመንካት ለውጡን ያዘገየዋል፣ አያስቀረውም፤ የዘገየ ለውጥ ደግሞ ብዙ ደረጃ የሚዘልል ስለሆነ ይበልጥ ይከብዳል።

"ይህ የትልልቅ ኩባንያዎች ሥራ ነው፣ እኛን ምን አገባን" የሚሉም አሉ። ኩባንያዎቹ የሚሞክሩት የሚሸጡትን ነው። ከአሥር ዓመት በፊት ተሽጦ፣ በሌላ አገር ቢሮ አገልግሎ፣ በዱባይ በኩል ተጭኖ አዲስ አበባ የገባ ዴስክቶፕ በማንም ቤተ ሙከራ መደርደሪያ ላይ የለም። ዴቢያን በኦገስት 2025 ባወጣው 13ኛ እትሙ ለ32 ቢት የኢንቴል ማሽኖች የመጫኛ ዝግጅቱን አቁሟል፤ አሮጌዎቹን ለመሸከም የዓለም ፈቃደኝነት እየቀነሰ ነው። እነዚህን ማሽኖች ይዞ የቀረው እኛን የመሰለ አገር ከሆነ ስለ እነሱ የሚያውቀውም እኛ መሆናችን አይቀርም።

ሦስተኛው ክርክር የገንዘብ ነው፤ የሃርድዌር ቤተ ሙከራ ውድ ነው የሚል። ለቺፕ አምራች ውድ ነው፤ በሺህ የሚቆጠሩ ቦርዶች ያስተዳድራልና። ለአንድ ዞን ግን ከሚያስፈልገው ዋናው በየንብረት ክፍሉ ተከምሮ አለ። ከእያንዳንዱ ሞዴል አንድ ማሽን፣ መብራቱን በፕሮግራም የሚቆርጥና የሚቀጥል ሪሌይ፣ ለትንንሽ ቦርዶች የሲሪያል ገመድ፣ የፈርምዌር ቺፑን ከውጭ ሆኖ መልሶ የሚጽፍ ሲኤች341ኤ የሚባለው ርካሽ ፕሮግራመር ከነመቆንጠጫው ይበቃሉ። የላፕቶፕ ጠጋኞች ይህን መሣሪያ ጠንቅቀው ያውቁታል።

ኢሙሌተሮች እየተሻሻሉ ስለሆነ ክፍተቱ ይዘጋል የሚለው አራተኛው ነው። ከፊሉ ይዘጋል። ራሙን በዘፈቀደ ቁጥር መሙላት፣ ሰዓቱን ማሳሳት፣ ዲስኩን መሐል ላይ መቁረጥ ይቻላል፤ መደረግም አለበት። የአንድ አምራች ፈርምዌር ስህተት ግን መጀመሪያ በእውነተኛው ማሽን ላይ ካልታየ ማንም ሊያስመስለው አይችልም። መብራትም እንደዚሁ ነው። ቡትሎደሩ የሚቀመጥበት የዩኢኤፍአይ ክፍል ፋት በሚባለው አሮጌ የፋይል ሥርዓት የተሠራ ነው፤ ፋይል እየተጻፈ መብራት ቢሄድ የተጀመረውን የሚያስታውስበት መዝገብ የለውም። በኢሙሌተር መሐል ላይ ማቋረጥ የዚህን አመክንዮ ያሳያል። የርካሽ ሚሞሪ ካርድ በውስጡ የያዘው ኤሌክትሮኒክስ መብራት ሲወዛወዝ የሚያደርገውን ግን አያሳይም፤ ካርዱ ያልተነካ የመሰለውን ሌላ ፋይል ጭምር ሊያጠፋ ይችላል። ዩፒኤሱ የደከመበት ላብ ውስጥ ይህ ከሩቅ የሚታሰብ አደጋ አይደለም።

ወዴት ሊሄድ ይችላል?

ሊሆን ይችላል የምለው የመጀመሪያው መንገድ ሁሉም እንዳለ መቀጠሉ ነው። ብዙ ቢሮዎች ዊንዶውስ 10ን ያለ ማረሚያ ይጠቀማሉ፤ ሰርተፍኬቱም ሳይታደስ ያልፋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ምንም አይታይም፤ ያ ደግሞ ስጋቱ ሁሉ ውሸት ነበር የሚል መዘናጋት ያመጣል። ችግሩ የሚመጣው አንድ ዲስክ ሞቶ በአዲስ ፍላሽ ዲስክ ፎርማት ሊደረግ ሲሞከርና አዲሱ መጫኛ በአሮጌው ማዘርቦርድ ሲታገድ ነው። ያን ጊዜ ባለሙያው ሴኩር ቡትን ያጠፋዋል፤ ማሽኑ ይነሳል፣ ጥበቃው ግን ሄዷል። ይህ ቀስ በቀስ፣ አንድ በአንድ የሚደርስ መዳከም ስለሆነ የማንም ሪፖርት ውስጥ አይገባም። በእኔ ግምት ሳይታሰብበት ከቀረ የሚሆነው ይኸኛው ነው።

ሁለተኛው ከላይ በመጣ መመሪያ አንድ ኢሜጅ ተዘጋጅቶ በአንድ ጊዜ ለሁሉም መላኩ ነው። ኢሜጁ በኢሙሌተርና በአንድ አዲስ ማሽን ላይ ያልፋል፤ አብዛኞቹ ማሽኖችም ይነሳሉ። የማይነሱት ግን በዘፈቀደ አይበተኑም፤ አንድ ላብ ብዙውን ጊዜ በአንድ ጨረታ የተገዛ አንድ ሞዴል ስለሚይዝ የሚወድቀው ላቡ በሙሉ ነው። አማካዩ ጥሩ ሆኖ አንድ ከተማ ባዶዋን ትቀራለች። የስኬት መጠን በመቶኛ ሲነገር ይህ ይሰወራል።

ሦስተኛው የምደግፈው ነው፤ ኢሙሌተርና ሃርድዌር ሥራ የሚከፋፈሉበት መንገድ። እያንዳንዱ ለውጥ በኢሙሌተር ይሞከራል፤ የተገለበጠ ዲስክ፣ የጠፋ ቀን፣ ለዓመት ያልታደሰ ሲስተምና መሐል ላይ የተቆረጠ መብራት በዝርዝሩ ውስጥ ይገባሉ። ያለፈው በሃርድዌር መደርደሪያው ላይ ከእያንዳንዱ ሞዴል በአንድ ማሽን ይሞከራል፤ ማሽኖቹ ሞቀው ብቻ ሳይሆን ሌሊቱን ጠፍተው አድረው ጭምር መነሳት አለባቸው፤ በአግባቡ ያልተሰናዳ ራም የሚያጋልጠው ይህ ነውና። ቀጥሎ በእያንዳንዱ ላብ አንድ ማሽን፣ ከቀናት በኋላ ቀሪዎቹ። መደርደሪያውን ለማቆም የሚቀርቡት በኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ያለው ወሎ ዩኒቨርሲቲና በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎች ያሉት መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ የመመረቂያ ሥራም ከዚህ የተሻለ ርዕስ አይገኝም። በኢሙሌተር አልፎ በማሽን የወደቀ እያንዳንዱ ሙከራ ለግረብ ወይም ለዩ-ቡት አዘጋጆች ቢላክ ዋጋው ከአካባቢው ያልፋል፤ እነሱ ያጡት ያንን ማሽን ነው።

ሁሉም ነገር የሚጀምረው ግን ከንብረት መዝገቡ ነው። መዝገቡ "ዴስክቶፕ ኮምፒውተር፣ ብዛት 40" ብሎ ሲያቆም የትኛው ባዮስ፣ የትኛው ዩኢኤፍአይ እንደሆነ፣ ፈርምዌሩ 32 ይሁን 64 ቢት፣ የ2023ቱን ሰርተፍኬት ይያዝ አይያዝ አይታወቅም፤ መደርደሪያው ላይ ምን መቀመጥ እንዳለበትም አይታወቅም። ይህን መሰብሰብ ለአንድ ላብ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በጨረታ ሰነዱ የቴክኒክ መስፈርት ውስጥም ሁለት ዓረፍተ ነገሮች መጨመር አለባቸው፤ አቅራቢው የፈርምዌር ማሻሻያና የመመለሻ ፋይል እንዲያስረክብ፣ በርክክብ ጊዜም ማሽኑ ከተመረጠው ሊኑክስና ከተመረጠው ዊንዶውስ ሴኩር ቡት እንደበራ ሲነሳ እንዲታይ። የጊዜው ጉዳይ ደግሞ የማያወላዳ ነው። ብሔራዊ ፈተናው በሰኔና በሐምሌ አካባቢ የሚውል ስለሆነ የፈተና ማሽኖች የቡትሎደር ለውጥ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ መጠናቀቅ ይኖርበታል፤ ከዚያ እስከ ፈተናው ማግስት ድረስ በእነዚያ ላቦች ውስጥ አውቶማቲክ ማሻሻያ ተዘግቶ፣ የመመለሻ ፍላሽ ዲስክ በእያንዳንዱ ክፍል ተቀምጦ፣ ማንም ቡትሎደር እንዳይነካ በጽሑፍ መታዘዝ አለበት።